ለምስጥ የተሰጠ ሣጥን

ባለፈው ሳምንት ጥግ ላይ የተረሳ ካርቶን ላነሳ ጎንበስ ብል ላዩ እጄ ላይ ቀረ፣ ታቹ ወለሉ ላይ። ውስጡ የነበሩት የድሮ ደብተሮች ጠርዛቸው ተበሳስቶ በመሃላቸው እርጥብ ቀይ አፈር ተመርጎባቸዋል። ልጆቼ "ምስጥ! ምስጥ!" እያሉ ወንበር ላይ ወጡ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አፈሩን በጣቴ ዝቄ አሸተትኩት። ትንሽ የእንጉዳይ፣ ትንሽ ዝናብ የነካው ሸክላ፣ ትንሽ የኮመጠጠ ነገር ይሸታል። አሶሳ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ደብተሮቼን ለበላ ነገር ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ ደስ አለኝ እንጂ አልተናደድኩም። ያ ሽታ ለእኔ ያሸነፍንበት ዓመት ሽታ ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ክልሉም ክልል ከተባለ ገና ነው። አስተማሪያችን ሰልፍ ላይ ረጅሙን አዲስ ስም በቃላችን አስያዙንና "ከእንግዲህ የራሳችን ክልል መጥቶልናል" አሉን። እኛ መንደር ደግሞ አዲስ ነገር ሁሉ የሚመጣው በመኪና ነው። እህሉም፣ ብርድ ልብሱም፣ ክትባቱም በመኪና ነው የመጣው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስወጣ ክልሉ ሲራገፍ ላይ ብዬ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ፀሐይ አናቴን ስትበላኝ ዋለች። እናቴ መጥታ "ምን ትሠሪያለሽ?" ስትለኝ "ክልሉን እየጠበቅኩ ነው" አልኳት፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ አሶሳ አጠገብ፣ በቁጥር በሚጠራ የሰፈራ መንደር ነው። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ወሎ ይመለሱ ጀመር። መኪና ይመጣል፣ ሰው ይላቀሳል፣ ዶሮ በእግሯ ታስራ ትጫናለች፣ በማግሥቱ አንድ ጎጆ ባዶ ይሆናል። አባቴ ሰይድም ልቡ ሄዶ ነበር። "አገራችን እንግባ" ይላል ጠዋት ማታ። እኔ ይህን የምሰማው አገሬ ላይ ቆሜ ነው። ወሎን በስም እንጂ በዓይኔ አላውቃትም፤ የማውቀው ቀዩን አፈር፣ ሽመል የሚባለውን የቆላ ቀርከሃና ወንዙን ነበር። እንዳያንቀሳቅሱኝ ከልቤ እለምን ነበር፤ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ይሰማል?

ቤታችን በር አልነበረውም። ከሽመል የተሠራ መከለያ ነበር፣ ቀን ወደ ጎን ይደገፋል፣ ሲመሽ ይገተራል። እናቴ በር እንዲሠራላት ስትጠይቀው አባቴ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፦

"ለሚሄድ ሰው በር ምን ያደርግለታል?"

በሩን አልሠራም፤ ያን ዓመት ግንቦት ላይ ግን ከባሕር ዛፍ ሳንቃ ትልቅ ሣጥን ሠራ። ለመንገድ ነው። ብረት ማጠፊያ ገጠመለት፣ ምስማሩን አንድ በአንድ መታው፣ ከዚያ ምስጥ እንዳይደርስበት አራት ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። በየሁለት ቀኑ ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን ይመረምራል። ያንን ሣጥን እንዴት እንደምጠላው! በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር በተረከዜ እመታው ነበር፤ ተረከዜን አመመኝ እንጂ ሣጥኑ ምንም አልሆነ።

መሄድ መቅረታችንን የሚወስነው የበርበሬው ማሳ ነበር። ወንዙ ዳር ስድስት መደብ አትክልት ነበረን፤ አባቴ ለበርበሬ ሟች ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ በርበሬው ፍሬ ይዞ፣ ሊቀላ ሲል፣ ጥቅምት ላይ ተራ በተራ ወድቋል። ምስጥ ነው። "ይቺ መሬት አልወደደችንም" ይላል አባቴ። መሬት ሰውን እንዴት እንደምትወድ ስላላወቅሁ እኔ ጠዋት ጠዋት ማሳው ጫፍ ቆሜ "ደህና አደርሽ" እላት ጀመር። እናቴ ግን ተከራከረችው፣ ተከራከረችውና አንድ ቀን እራት ላይ ቃል አስገባችው፦

"የዘንድሮው ከቀላ እንቀራለን። ከወደቀ እኔው ራሴ ሣጥኑን እሸከምልሃለሁ።"

"እሺ" አለ አባቴ። "ከቀላ እንቀራለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዷ የበርበሬ ችግኝ የእኔ ጉዳይ ሆነች።

ሐምሌ ላይ ችግኞቹን አዛወርን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስንደርስ ዐሥር ያህሉ ከሥራቸው ተቆርጠው ተጋድመዋል። አባቴ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከወንዙ ማዶ ፍየል የሚያረቡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፣ ሐዋ ይባላሉ። የሰፈራቸው ልጅ ሁሉ "ሐቦባ" ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበር የምጠራቸው። አባቴ ወንዙ አፋፍ ላይ ቆሞ ጮኸ፦

"እማማ ሐዋ! ኧረ ፍየሎችዎን ይሰሩ! ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ ሌሊት ጨረሱት እኮ!"

ሐቦባ ሐዋ ቶባቸውን፣ ያን የሚጠቀለል ረጅም ልብሳቸውን፣ ሰብሰብ አድርገው፣ ውሃውን ረግጠው፣ ሳይቸኩሉ መጡ። መጀመሪያ ሰላምታቸውን ሰጡ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁ፣ የእኔን ጉንጭ ቆነጠጡ። አባቴ ሲቁነጠነጥ ልክ እንዳላዩት ሆኑ። ከዚያ ከወደቁት ችግኞች አንዱን አንስተው ዓይኑ ሥር አመጡለት።

"ቅጠል አለ?"

"አለ" አለ አባቴ።

"ፍየል መጣ። ቅጠል ተወ። እንጨት በላ?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ ምን ፍየል ነው? እኔ እንዲህ ፍየል የለኝም።"

ተንበርክከው ከተቆረጠው ግንድ አጠገብ አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ። ሁለት ጣት እንኳን ሳይጠልቁ አንድ ወፍራም፣ አመድማ፣ የተጠቀለለ ትል አወጡ። የአባቴን መዳፍ ገልብጠው አስቀመጡለት።

"እንካ። ፍየል ይሄ ነው። እሰር።"

እናቴ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አባቴ ኩም ብሎ ቀረ። ቆራጭ ትሉን መዳፉ ላይ እንደያዘ "ይቅር ይበሉኝ" አለ በመጨረሻ። ሐቦባ ሐዋ ይቅር ማለታቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ዙሪያውን ማየት ጀመሩ። አባቴ ማሳውን በመጥረጊያ ነበር የሚያጸዳው። ቀልዴን አይደለም፤ በየመደቡ መሃል ያለውን ደረቅ ቅጠል፣ ሣር፣ ስንጥር ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት ግቢ ይጠርጋል፣ ይሰበስባል፣ ያቃጥላል። በእሱ ቤት ጎበዝ ገበሬ ማለት ማሳው ላይ እንቅፋት የሚሆን ገለባ የማይገኝበት ነው።

"ሰይድ፣ ለምን ትጠርጋለህ?" አሉ ሐቦባ። "ደረቅ የለም። ምስጥ ምን ይበላል?"

አባቴ እሳቸው ፊት ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ግን ወደ እናቴ ዞሮ "ሰማሽልኝ? ለምስጡ ቀለብ ያስባሉ!" አለና በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። የሐቦባን ማሳ እናውቀዋለን። ባቄላው፣ ባሚያው፣ ዱባው፣ በርበሬው ሁሉ በአሮጌ የማሽላ አገዳ መሃል ተወሽቆ ነው የሚበቅለው። አገዳውን ተሸክመው ወስደው ሲያነጥፉም በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ ክንፍ አውጥቶ የሚበረውን ምስጥ ሐቦባ ለቅመው፣ ቆልተው እንደሚበሉ አውቃለሁ፤ አንዴ ለእኔም አቅምሰውኛል፣ እንደ ኑግ ቅባት ቅባት ይላል። ስለዚህ እኛ ዶሮ እንደምናረባ እሳቸው ምስጥ ያረባሉ ብዬ ደመደምኩ። ነገሩ ምንም አልገረመኝም። ዶሮም እኮ ጥሬ ይበተንላታል።

ለማንኛውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ። ጎህ ሲቀድ የቲማቲም ጣሳዬን ይዤ ማሳ እወርዳለሁ፣ የወደቀ ችግኝ ካየሁ አጠገቡን እጭራለሁ፣ ትሉን አወጣለሁ፣ ጣሳ ውስጥ እጨምራለሁ። ዶሮዎቻችን ከሩቅ ሲያዩኝ እየሮጡ ይቀበሉኝ ነበር። ሽመል ሲያድግ ከላዩ አውልቆ የሚጥለውን ደረቅ ልባስ ደግሞ እኔና እናቴ ቆራርጠን የየችግኙን እግር ጠቀለልንበት፤ ትሉ ግንዱን እንዳያገኘው ነው። ነሐሴ ሲገባ ችግኝ መቆረጡ ቆመ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ሜዳ ላይ ሌሎች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እኔ ቆራጭ ትል እንዴት እንደሚያዝ አስተምር ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ታዲያ ያ ኩራት ነው ጉድ የሠራኝ።

መስከረም ላይ ዝናቡ ጥቂት ቀን ጠፋና ፀሐይ በረታች፤ የበርበሬው ቅጠል ሥር ክሽክሽ ፈላ። እናቴ ክሽክሽን ከወሎ ታውቀዋለች፤ ጭማቂውን እየመጠጠ ቅጠል የሚያጨማድድ አረንጓዴ ተባይ ነው፣ በጣም ደቃቃ። ዓይኔን አስጠግቼ ስመለከት በደቃቆቹ መሃል ሌላ ነገር አየሁ። ረዘም ያለ፣ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሸካራ፣ ሲያዩት የሚያስጠላ። በስድስት እግሩ ከወዲያ ወዲህ ይላል፣ ደቃቆቹ ላይ ጎንበስ ቀና ይላል። ወዲያው ገባኝ፤ ይቺ እናትየዋ ናት፣ ደቃቆቹ ልጆቿ ናቸው፣ እያጠባቻቸው ነው! እናቶቹን ካጠፋሁ ልጆቹ በረሃብ ያልቃሉ። ማንም አዋቂ ይህን አላሰበም። ለማንም ሳልናገር፣ ኋላ ለማስደነቅ ብዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስድስቱን መደብ ቅጠል በቅጠል አሰስኩ። አንዲትም አላስቀረሁም።

በሳምንቱ ክሽክሹ እጥፍ ሆነ። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ የሚያጣብቅ ነገር ላዩ ላይ ፈሰሰ፣ ጉንዳን ተሰለፈበት። አባቴ አንድ ቅጠል በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አድርጎ ወደ ቤት ሄደ። ተከትዬው ስገባ ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

ጣሳዬን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ሐቦባ ሐዋ ባቄላቸውን እያረሙ ነበር። ሐቦባ ሴት መሆኔን ልብ ያላሉ ይመስለኝ ነበር፤ ሁልጊዜ "አንተ" ነበር የሚሉኝ። ያን ቀን ሻሼን አጥብቄ አስሬ ነው የሄድኩት፤ ለውጥ አላመጣም።

"እናቶቹን ሁሉ ገድያቸዋለሁ" አልኩ ጣሳውን እየዘረጋሁ። "ለምን አልጠፉም?"

ጣሳውን ተቀብለው ውስጡን አዩ። ከዚያ በለሆሳስ፣ "ያ ቢንቲ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ወታደርህን ገደልክ።"

እጄን ይዘው ባቄላቸው ሥር አስቀመጡኝ። "ዝም በል። ተመልከት።" ተመለከትኩ። አንዷ ጥቁር ነጠብጣባም ነገር በባቄላው ግንድ ወጣች፣ አንድ ክሽክሽ ያዘች፣ በላችው። ሌላ ያዘች፣ በላችው። ስታጠባ መስሎኝ የነበረው ስትበላ ነበር። ምስጡም ትሉም ያልቻለውን እኔ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ፤ ወሎ የምንሄደው በእኔ ምክንያት ነው። እዚያው ባቄላ መሃል ተደፍቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሐቦባ አንድ ቅል እጄ ውስጥ ከተቱ።

"ለቅሶ ኋላ። አሁን ልቀም።"

ያን ቀን እስኪመሽ ከሐቦባ ባቄላ ላይ ወታደር ለቀምን። ቤት ሄጄ ለእናቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ትቆጣኛለች ስል "አብሽሪ" አለችኝ፣ የወሎ ሰው ሆዱ ሲራራ የሚላትን፤ "አብሽሪ፣ መልሰሽ ተክተሽ የለ?" በማግሥቱ በጣም የተጎዳውን ቅጠል በሳሙና ውሃ አጠብንና ሲደርቅ ወታደሮቹን በየመደቡ አከፋፈልኳቸው። ሹመት እንደሚሰጥ አለቃ ነበርኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወታደሮቼ ቅጠል ላይ ተለጥፈው፣ ኩርምት ብለው ደረቁ። ሞቱ ብዬ አንዷን እንዲያውም ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬያታለሁ። ከሳምንት በኋላ ግን ከደረቁት ውስጥ ቀያዮቹ ነጠብጣባም ጥንዚዛዎች እየወጡ መብረር ጀመሩ፤ እነዚያ ልጅ ሁሉ መዳፉ ላይ እያስኬደ የሚጫወትባቸው! ለካ እነሱ ናቸው! በመስከረም መጨረሻ ቅጠሉ ተፍታታ፣ ክሽክሹም ፈልገው ካልሆነ በቀር አይታይም ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የቀበርኳት ብቻ ታሳዝነኛለች፣ እስከዛሬ።

ከዚያ ጥቅምት መጣ።

ዝናቡ ቆረጠ፣ መሬቱ መድረቅ ጀመረ፣ በርበሬው አረንጓዴ ፍሬውን ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። አንድ ጠዋት አንዱ ግንድ አንገቱን ደፋ። አባቴ ሲስበው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ መጣ፤ ሥሩ የለም፣ በሥሩ ቦታ ያ ቀይ ምርጊት አፈር አለ። በማግሥቱ ሦስት ወደቁ። ከዚያ ሰባት። መንደር ውስጥ ደግሞ ወሬ አለ፤ ቅዳሜ መኪና ይመጣል፣ የቀሩትን ተመላሾች ይወስዳል። ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ዕቃቸውን ጭነው ጨርሰዋል። አባቴ መጥረጊያውን ጥሎ ማሳ መውረድ ተወ። እናቴም አትከራከርም፤ ቃል ቃል ነው።

እኔ ግን የሐቦባ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ምስጥ ምን ይበላል? ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው፦

"ሐቦባ፣ ምስጥ የሚያበሉት ለምንድን ነው? ሊያረቡት ነው?"

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ በቶባቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ።

"ምስጥ እንግዳ አይደለም" አሉኝ ሳቁ ሲያልቅ። "እዚህ ቤቱ ነው። ይራባል። ደረቅ ይወዳል። ደረቅ ካገኘ አረንጓዴ አይነካም። አባትህ ደረቅ ወሰደ፣ አቃጠለ። በርበሬ ብቻ ቀረ። ምን ይብላ? ወላሂ፣ እኔም ብሆን በርበሬ እበላለሁ።"

አንድ እስር አሮጌ አገዳ ሰጡኝ። እሱን ተሸክሜ ወንዙን ስሻገር ያለምንም ድምፅ እያነባሁ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነው ጨንቆኝ፣ አላውቅም። አንድ እስር አገዳ ለአንድ መደብ እንጂ ለሌላ አይበቃም። ወንዙ ጠርዝ ላይ ያለውን የመጨረሻውን መደብ መረጥኩና እንዳሉኝ አገዳውን ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ አነጠፍኩ፣ ውሃ ረጨሁበት።

አርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ ለመንገድ የሚሆን አረንጓዴ ቃሪያ ሊለቅም ወረደ። እኔም ተከተልኩት። በየመደቡ የወደቀ አለ። በመጀመሪያው፣ በሁለተኛው... መጨረሻው ጋ ሲደርስ ቆመ። አንድም አልወደቀም። እንዲያውም ሁለት ሦስቱ ፍሬዎች ጫፋቸው ላይ ቀላ ብለዋል። ጎንበስ ብሎ አንዱን አገዳ ገለበጠ፤ ከሥሩ ምስጥ እንደ ፈሰሰ ሩዝ ይርመሰመሳል። የበርበሬውን እግር በጣቱ ቆፈረ። ንጹሕ ነው።

"ማነው ይሄን ያደረገው?"

በጥፊ የምመታ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። "እኔ ነኝ።"

"ማን አሳየሽ?"

በአገጬ ወደ ማዶ ጠቆምኩ። ሐቦባ ሐዋ ባሚያቸው መሃል አጎንብሰው ነበር፤ እንደሚሰሙን ከጀርባቸው ያስታውቃል። አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ቃሪያውን ሳይለቅም ወደ ቤት ተመለሰ። ከደጅ ሆኜ እናቴን "አገዳ አለን እንዴ?" ሲላት ሰማሁ። "አቃጥለኸው የለ?" አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ መንደር ገባ። ከአልጋዬ ዘልዬ ስወጣ አባቴ ሣጥኑን ከአራቱ ድንጋዮች ላይ አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎ ከደጅ ይወጣል። አለቀ ማለት ነው። በሌሊት ልብሴ፣ ጫማ ሳላደርግ ተከተልኩት፤ "አባዬ! አልወደቀም እኮ! የእኔ መደብ አልወደቀም!" እያልኩ። አይዞርም። ከቤታችን ትንሽ ወረድ ሲባል መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ ቀኙ ወደ መኪናው፣ ግራው ወደ ወንዙ ነው። ጋሽ ይመር መኪናው ላይ ተንጠልጥለው እጃቸውን ዘረጉ።

"ሰይድ! ወዲህ በል ሣጥኑን! ቦታ ይዤልሃለሁ!"

"ሣጥኑ ሥራ አግኝቷል ይመር!" አለ አባቴ። "በሰላም ግባ! ለአገር ሰው ሰላም በልልኝ!"

ወደ ግራ ታጠፈ።

እኔ መንታው መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ አባቴ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። ከዚያ ሮጥኩ፤ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም።

ማሳው መሃል ሣጥኑን አስቀምጦ መጥረቢያውን አነሳ። "ቢስሚላህ" አለና ክዳኑን ሰነጠቀው። ያን ሁሉ ወራት ከምስጥ ሲጠብቀው የከረመውን ሣጥን ስንጥርጥሩን አወጣው፤ የባሕር ዛፍ ሽታው አካባቢውን ሞላው። ሐቦባ ሐዋ ጩኸቱን ሰምተው ወንዙ አፋፍ መጡ።

"ሰይድ! ትልቅ ነው! ቀጭን አድርግ! ውሃ ስጠው! ከእግሩ አርቅ!"

"እሺ እማማ!" ይላል አባቴ ላቡን እየጠረገ። "ሌላስ?"

"ሌላ የለም! ኸላስ፣ አለቀ! አሁን ይብላ!"

እናቴ አሮጌ ሰሌንና የተቀደደ ቁና ተሸክማ ደረሰች። እሷ ስታነጥፍ እኔ ውሃ ስረጭ አባቴ የመጨረሻዋን ሳንቃ መሬት ላይ አጋድሞ ቀና አለና በሁለት እጁ ወገቡን ይዞ ወደ መሬቱ ጮኸ፦

"ብሉ! ብሉ እንግዲህ፣ ይኸው! ለእናንተው ነው የሠራሁት ለካ!"

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይመር ትተውት የሄዱትን የማድ ቤት ጣሪያ አፍርሰን አሮጌ ሣሩን በሸክም አመጣን። በየመደቡ መሃል ተነጠፈ። የአባቴ ማሳ የሐቦባን ማሳ መሰለ፤ መንገደኛ ሲያልፍ "ሰይድ ምን ነካው?" ይል ነበር። ይበል። ከዚያ በኋላ በርበሬ አልወደቀም አልልም፤ ሁለት ሦስት ግንድ ወድቋል። ግን የቀረው ቆመ። ኅዳር ሲጋመስ ማሳው ቀላ። ከሩቅ፣ ከመንታው መንገድ ላይ ሆነው ሲያዩት የሚታይ ቅላት ነበር። አባቴ ምንም ሥራ ሳይኖረው በቀን ሦስት ጊዜ ወርዶ አይቶት ይመለሳል። የመጀመሪያውን እፍኝ እኔ ነኝ ወንዙን አሻግሬ ለሐቦባ ሐዋ የሰጠሁት። አንዱን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "ሰይድ ጎበዝ ነው" አሉ። "አንተም ጎበዝ ነህ።" አንተ መባሌ ያን ቀን ደስ አለኝ።

በርበሬው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ መደቡን ስንቆፍር ከሣጥኑ አንድ ስንጥር እንጨት አላገኘንም። ያገኘነው ብረቱን ብቻ ነው፤ ሁለት ማጠፊያና ምስማሮቹን። አባቴ አንድ በአንድ ከአፈሩ ለቀማቸው፤ ዝገታቸውን አራግፎ የጎበጡትን ድንጋይ ላይ እየመታ አቀናቸው። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሐቦባ ሐዋን ምስጥ የማይደፍረው እንጨት የትኛው እንደሆነ ሲጠይቃቸው ግን እናቴ ሥራዋን አቁማ ጆሮዋን ጣለች።

በሳምንቱ ቤታችን በር ተገጠመለት። ማጠፊያው የሣጥኑ ነው፣ ምስማሩ የሣጥኑ ነው። እናቴ ደጋግማ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው። እኔ ውስጥ ሆኜ፣ ከዚያ ውጭ ሆኜ፣ ሁለቱንም ሞከርኩት። ከዚያ ሦስታችንም ውስጥ ገብተን ዘግተነው፣ እንዲሁ ያለ ሥራ ተቀምጠን ሳለ ተንኳኳ። ቤታችን ከተሠራ ጀምሮ ተንኳኩቶ አያውቅም፤ የሚንኳኳ ነገር አልነበረውማ። አባቴ የቤት ጌታ ድምፅ አውጥቶ ጠየቀ፦

"ማነው?"

ከውጭ የሐቦባ ሐዋ ድምፅ መለሰ፦

"ፍየል አይደለም! ሐዋ ነው! ክፈት!"